የውጅግራው ባሩድ

አባቴ ጠመንጃ አዳሽ ነበር። ቤታችን ጎንደር፣ ከቀሐ ወንዝ ከፍ ብሎ፣ በድንጋይ ካብ ከታጠሩት ቤቶች አንዱ ነበር። ሥራውን የሚሠራው ከጓሮ ባለች ጠባብ የድንጋይ ጎጆ ውስጥ ነው። የተሰበረ ሰደፍ ይለውጣል፣ የላላ ቃታ ያጠብቃል፣ የተተኮሰ ቀለህ ተቀብሎ እንደገና ይሞላል። ከጣልያን ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት በአገሩ ጠመንጃ ሞልቶ ጥይት የጠፋበት ጊዜ ነበር። በተለይ ውጅግራ ለሚባለው፣ አንድ ጎርሶ አንድ ለሚተፋው አሮጌ ጠመንጃ፣ የፋብሪካ ጥይት ከሱቅ አይገኝም። ስለዚህ ባላገሩ ባዶ ቀለሁን አይጥልም፤ ከሣር ውስጥ ፈልጎ ያነሣል፣ በጨርቅ ይቋጥራል፣ ለገበያ ሲመጣ ለአባቴ ያመጣለታል።

እናቴ ስለዚህ ሥራ አንድ ሕግ ብቻ ነበራት፤ ባሩድ ከማድ ቤቱ ደጃፍ አያልፍም። አባቴ ደግሞ የራሱ ሕግ ነበረው። ባሩድ ባለበት ጎጆ ብረት ከብረት አይነካካም፣ ትንባሆ የሚያጨስ አይገባም፣ ወሬ የሚያበዛም አይቀመጥም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እንድገባ የተፈቀደልኝ ዝም ማለት ስለምችል ይመስለኛል።

የእኔ ድርሻ ወረቀት ማቅረብ ነበር። አባቴ ባሩድ ከመግዛቱ በፊትም ሆነ ቀለህ ከመሙላቱ በፊት ይፈትነዋል። መጀመሪያ ባሩዱ ያለበትን ቅል ከጆሮው አስጠግቶ ይነቀንቃል፤ የደረቀ ባሩድ እንደ እህል ይንሿሿል፣ እርጥበት ያገኘው ድምፁ ይደነዝዛል። ቀጥሎ በሁለት ጣቶቹ ያሸዋል፤ ጣቱን ካጠቆረው ዱቄት የበዛበት ነው። በመጨረሻ ከደብተሬ የቀደድሁለትን ነጭ ወረቀት ከጎጆው ራቅ ብሎ ከድንጋይ ላይ ያነጥፍና ከላዩ ቁንጥር አድርጎ በረጅም ጭራሮ ይለኩሰዋል። ደህናው ባሩድ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ወረቀቱ ላይ ቀለል ያለ ጥላሸት ብቻ ይተዋል። መጥፎው ግን ይንተከተካል፣ እንደ ዶቃ ያለ ጥቁር ነገር ያንጠባጥባል፣ ወረቀቱን ይበሳዋል። አባቴ የተበሳውን ወረቀት ወደ ፀሐይ አንሥቶ ያየዋል እንጂ ስለ ባሩዱ ምንም አይልም። ሻጩ ራሱ አይቶ ዕቃውን ይሰበስባል።

የምጽፈው መስቀል ካለፈ በኋላ ስለሆነ ነገር ነው። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል የአባቴ ታላቅ ወንድም ሞተ። ወገራ ውስጥ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ፣ አርሶ የሚኖር ሰው ነበር። አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረችው። ባል አግብታ ሳይስማሙ ቀርተው ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች፣ እናቷም ቀድማ የሞተች፣ ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት። እኔ እታለም እላት ነበር። የአርባው ተዝካር ሲቃረብ በጭነት ማኪና ተሳፍራ ጎንደር መጣች። በአንድ እጇ የማር ገንቦ፣ በሌላው በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለውን የአባቷን ውጅግራ ይዛ ነበር።

ማሩን ለእናቴ ሰጠች። ጠመንጃውን ወደ ጎጆው ይዛ ገብታ ከአባቴ ፊት አኖረችው።

«አያ፣ የማይከሽፍ አንድ ጥይት ስጠኝ» አለች።

«ምነው አንድ?»

«ሁለተኛ እንድተኩስ መች ይፈቅዱልኛል?»

ነገሩ ይህ ነበር። በአባቴ ወገኖች አገር ሰው ሲሞት ጠመንጃው በተዝካሩ ቀን ይወጣል። እወርሳለሁ የሚለው ሰው በዘመድና በጎረቤት ፊት ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ማዶው ገደል አንድ ጊዜ ይተኩሳል። ያለ እርሳስ አይተኮስም፤ እርሳሱ ማዶ ያለውን ድንጋይ ሲመታና ሲያቦን መታየት አለበት። ከዚያ በኋላ ጠመንጃው የተኳሹ ነው፣ የሚከራከር የለም። ከከሸፈበት ግን ሟች አልፈቀደለትም ይባልና ጠመንጃው ወደሚቀጥለው ዘመድ ያልፋል። እዚያው አገር ካሉት የሚቀጥለው ዘመድ የሟች የእህት ልጅ ነበር። ነጭ ለባሽ ነው፤ ማለትም የአካባቢውን ጸጥታ እንዲጠብቅ የታጠቀ ባላገር። ምንሽር የሚባል የራሱ ጠመንጃ አለው፤ ቢሆንም የአጎቱን ውጅግራ ሌላ ሰው እንዲይዘው አልፈለገም። ሽማግሎች ተቀምጠው ሲነጋገሩ አንዳንዶቹ ሴት ልጅ ለምን ትተኩሳለች አሉ። እሷ ልጁ እኔ ነኝ አለች። በመጨረሻ እንግዲያው ትሞክረው ተባለ።

እታለም ጠመንጃውን የፈለገችው ለመታሰቢያ አልነበረም። በዚያ አገር ጠመንጃ የሌለበት ቤት እርሻው በየክረምቱ ከዳር ከዳር በትልም ይቆረሳል። አባቷ ታሞ በተኛበት ክረምት እንኳ አንዱ ጎረቤት የወሰኑን ድንጋይ ወደ ውስጥ አንከባሎት ነበር። እሷ ይህን ለአባቴ ስትነግረው ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ስለ ዝናብ የምታወራ ይመስል ነበር።

አባቴ ጠመንጃውን ከፈተ፣ በአፈሙዙ በኩል ወደ ብርሃን አየ፣ ዘጋው። «ጠመንጃውስ ሸጋ ነው» አለ። ቀጥሎ አብሮት ከመጣው ዝናር የቀሩትን ጥይቶች ተመለከተ። ሁሉም አረንጓዴ ዝገት አውጥተው ነበር። አንዱን ፈልቅቆ ሲገለብጠው ባሩዱ እንደ ጭቃ ተጋግሮ አልወርድ አለ። በእንጨት ጫረውና ተወው።

ከዚያ የራሱን ባሩድ አወጣ። ሁለት ቅል ነበረው። ሁለቱም በደንቢያ በኩል ከሚቀምም ሰው የተገዙ ጥቁር ባሩዶች ናቸው። የመጀመሪያውን ነቀነቀው፤ ድምፁ ደነዘዘ። ወረቀት አቀረብሁ። ተንተከተከ፣ ዶቃ ጣለ፣ ወረቀቱን በሁለት ቦታ በሳው። ሁለተኛው ይሻል ነበር፤ እሱም ቢሆን ወዲያው አልጋየም፤ እሳቱን እንደ ተቀበለ ጥቂት አመነታና ነው የበራው። ክረምቱ ከባድ ነበር፤ ጎጆዋም በአንድ በኩል ታፈስ ነበር። አባቴ ሁለቱንም ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠ።

«ሌላ አይገኝም?» አለች እታለም።

«ቀማሚው እስከ ኅዳር አያወጣም። ፀሐይ ይጠብቃል።»

በማግስቱ ነጭ ለባሹ መጣ። ለገበያ ወርጄ ነው አለ። ግቢ ሲገባ የእናቴን ጉልበት ስሞ፣ እኔን «ተማሪዋ» ብሎ፣ ወደ ጎጆው ሄደ። ሳቂታ ሰው ነበር። ከነጭ እጀ ጠባቡ ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጣ።

«እህቴ ልትተኩስ ነው ሲሉ ሰምቼ ባዶ እጄን መምጣት አፈርሁ» አለ። «እንካ አያ። የጣልያን ነው። ከምንሽር ጥይት ያወጣሁት፣ ጠብታ ውኃ ያልነካው።»

ክዳኑን ሲከፍተው ውስጡ ያለው ነገር ባሩድ አይመስልም ነበር። ቡናማ ነው፤ ፍሬ ፍሬም አይደለም፤ ጥቃቅን ተደርጎ የተቆራረጠ ሰንበሌጥ ይመስላል። በጣት ሲያሹት ጣት አያጠቁርም። ሰውዬው ወደ ውጭ ወጥቶ ከድንጋዩ ላይ ጥቂት በተነና ለኮሰው። በቢጫ ነበልባል ነዶ ጠፋ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ከድንጋዩ ላይ አንዳች የቀረ ነገር አልነበረም። እንደ አባቴ ፈተና ከሆነ ያሸነፈው ይኸኛው ነው።

«አየሽ?» አለ ለእታለም። «ጭስ የለው፣ እድፍ የለው። ስትስቢው ማዶ ያለው ዝንጀሮ ሁሉ ንስሐ ይገባል።»

እታለም ወደ አባቴ ዞረች። «ምነው አያ፣ ይህን አንሞላም?»

«ይኼ የሌላ ጠመንጃ መኖ ነው» አለ አባቴ።

«ጠመንጃ በቅሎ ሆነ እንዴ፣ መኖ የሚመረጥለት?» አለ ነጭ ለባሹ። «የእኔ ምንሽር ይህንኑ ሲበላ ነው የኖረው።»

«ያንተው ሆዱ ለዚህ የተሠራ ነው። ውጅግራ ሽማግሌ ነው፣ አይችለውም።»

«ጥቂት ብቻ ብናደርግለትስ?»

«ጥቂቱ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።»

ነጭ ለባሹ ሳቀ። «እንግዲያ በጥቁሩ ትተኩሳ! ጭሱ ይውጣትና ፈልጉኝ ስትል እንሰማለን።»

«ጭሱ ከዋጠኝ አንተ ታወጣኛለህ» አለች እታለም። «ነጭ ለብሰህ የለ፣ በጭሱ ውስጥ አይቼ እይዝሃለሁ።»

እሱም ሳቀ፣ እሷም ፈገግ አለች። ምሳ በልቶ ሄደ። ቆርቆሮውን አልወሰደም፤ ለእሷ ያመጣሁት ነው ብሎ ትቶት ሄደ። ተንኮል ነበረበት ብለው የሚያወሩ በኋላ ተነሥተዋል። እኔ አይመስለኝም። ለራሱ ጠመንጃ የሚያጎርሰውን ነው ያመጣው። ጠመንጃውን ይፈልግ ነበር፤ ግን በሰው ፊት በተኩስ ሊያገኘው ነበር የፈለገው።

እሱ ከሄደ በኋላ እታለም ቆርቆሮውን ከጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሁለቱን የተለኮሱ ወረቀቶች ታያለች፣ ቆርቆሮውን ታያለች። የምታስበው ግልጽ ነበር። በአንዱ ቅል ያለው ባሩድ ከናካቴው የሚነሣ አይመስልም፤ በሁለተኛው ያለው ያመነታል። በቆርቆሮው ያለው ግን አያመነታም።

አባቴ የቀንዱን መስፈሪያ ከግድግዳው አወረደ። የበሬ ቀንድ ጫፍ ነው፣ ለአንድ ቀለህ የሚበቃ ባሩድ የሚይዝ። በእጁ እያገላበጠ ጠየቃት።

«አባትሽ ጉንጩ ላይ ያለውን ከምን እንዳመጣው ነግሮሻል?»

አጎቴ ከቀኝ ዓይኑ ሥር እስከ ጆሮው የሚደርስ የተጨማደደ ጠባሳ ነበረው። በዚያ በኩል ጢም አያበቅልም፣ በዚያ በኩል አይሰማም። ሁላችንም ስናየው ያደግን ስለሆነ ጠይቀን አናውቅም።

«የጣልያን ቦምብ ነው ብሎኛል» አለች።

«የጣልያንስ የጣልያን ነው። ባሩዱ የጣልያን ነበር። የሞላሁለት ግን እኔ ነኝ።»

አባቴ ቀጠለ፤ እያየ የነበረው እሷን ሳይሆን ቀንዱን ነው።

«በረሃ ሳለን ጥይት አለቀብን። ከወደቁት የጣልያን ወታደሮች ጥይት ሰበሰብን፤ ለእኛ ጠመንጃ አይሆንም። ፈልቅቄ ባሩዱን አወጣሁ። ሲያዩት ንጹሕ ነው፣ ሲለኩሱት ንጹሕ ነው፣ ደስ አለኝ። በዚህ ቀንድ ሰፈርሁ፤ ጥቁሩን እንደምሰፍረው አድርጌ፣ አፉ ድረስ። እንካ ተኩስ አልሁት። ታላቄ ነው፣ መጀመሪያ ለእሱ ነው የምሰጠው። ኃይሉ ከጥቁሩ እጅግ የበለጠ ኖሮ፣ ጠመንጃው ከፊቱ ላይ ወደ ኋላ ተከፈተ።»

«ይኼ ጠመንጃ?»

«ሌላ ነበር። ያ እዚያው ገደል ገባ። ይህን ኋላ ነው ያገኘው።»

«ለእናቴም አልነገራት?»

«ለማንም። ቦምብ ነው አለ፣ ቦምብ ሆኖ ቀረ። እኔም ዝም አልሁ።»

ከዚያ በፊት አባቴ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼ አላውቅም፤ ከዚያም በኋላ አልሰማሁም። ውጭ እናቴ ልብስ ስታሰጣ የእርጥቡ ልብስ መራገፍ ይሰማ ነበር። እታለም የቆርቆሮውን ክዳን ገጠመችው። በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጋ አጠበቀችው፤ ተነሥታ ከጎጆው ደጃፍ ውጭ ከካቡ ላይ አስቀመጠችውና ተመልሳ ገባች።

«ጥቁሩን ሙላልኝ» አለች።

«ሊከሽፍ ይችላል።»

«ይክሸፍ። ጠመንጃው ቢሄድ ጉንጬ ይቀርልኛል።»

«መሬቱስ?»

«አድርቀው» አለችው ብቻ።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣ። አባቴ ሁለተኛውን ቅል ገልብጦ ባሩዱን ከካቡ አጠገብ፣ ነፋስ ከማይነካው ቦታ አሰጣው። ያሰጣበት ዕቃ የእናቴ ሰፌድ ነበር። እናቴ ያየችው ዘግይታ ነው።

«ሰውዬ፣ ሰፌዴን ባሩድ አበላኸው?»

«አጥበዋለሁ።»

«አጥበህስ? ጤፍ ሳበጥርበት ቢተኩስብኝ?» አለች። ሰፌዱን መልሳ አልወሰደችውም፤ እስከ መጨረሻው ጎጆው ውስጥ ቀረ።

ባሩዱን የጠበቅነው እታለምና እኔ ነን። ዶሮ እንዳይበትነው፣ ደመና ሲመጣ እንዲገባ። በየመሀሉ አባቴ መጥቶ በእንጨት ማንኪያ ያገላብጠዋል፣ ከጆሮው አስጠግቶ ያዳምጠዋል። ከደረቀ በኋላ በሸማ ወንፊት ነፋው። ዱቄቱ ከሥር ወረደ፣ ፍሬ ፍሬው ከላይ ቀረ። ዱቄቱን ለብቻው አደረገው። ከፍሬውም ውስጥ ኑግ ኑግ የሚያህለውን መረጠ፤ ደቃቁን ለሽጉጥ የሚሆን ነው ብሎ መለሰው። የእኔ ደብተር በዚያ ሳምንት ብዙ ገጾች አጥቷል። መጀመሪያ የለኮስነው አሁንም አመነታ። በኋላ የለኮስነው ቶሎ ነደደ፣ ከወረቀቱ ዳር ግን አንዲት ዶቃ ተወ። ከዚያ ወዲያ የተሻለ አላገኘንም፤ ፀሐዩም ያንን ያህል ነው የሰጠን።

አባቴ ቀለሁን አጠበ፣ ከቂጡ የምትቀመጠውን እሳት ሰጪ ቆብ ካለችው ውስጥ መርጦ አዲስ የምትመስለውን ተከለ፣ ባሩዱን በቀንዱ ሰፍሮ አፈሰሰ፣ በወረቀት የተጠቀለለውን እርሳስ ገጠመው። እርሳሱን ያፈሰሰው ከአጎቴ አሮጌ ጥይቶች ነቅሎ፣ አቅልጦ ነው። ከዚያ ጥይቷን ወዝ እንድትይዝ ከፀጉሩ ላይ አሽቶ ለእታለም ሰጣት።

«ይነሣል» አለ። «ግን ሊዘገይ ይችላል። ቃታውን ትስቢያለሽ፣ ጠቅ ይላል፣ ዝም ይላል። ከሸፈ ይመስልሻል። ሰውም ከሸፈ ይልሻል። አታውርጂ። አትክፈቺ። አፈሙዙ ከማዶው ገደል አይነሣ። ካወረድሽው ከሰው መሀል ይተኩሳል፤ ከከፈትሽው ከፊትሽ ላይ ይተኩሳል።»

«እስከ መቼ ልያዘው?»

«ሰው ሁሉ እስኪስቅብሽ ያዢው። ከዚያም ትንሽ ጨምሪበት።»

ይህንኑ በባዶ ጠመንጃ ትለማመድ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ከግቢው መሀል ትቆማለች፣ ወደ ካቡ ታነጣጥራለች፣ ቃታውን ትስባለች። ከዚያ አባቴ ሥራውን ይሠራል፣ እኔ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፣ እናቴ ሽንኩርት ትልጣለች፣ እሷ እንደዚያው ቆማ ትቀራለች። ውጅግራ ረጅምና ከባድ ነው። ክንዷ ሲንቀጠቀጥ አባቴ ሳያይ «ገና» ይላል። እኔም እንድናገር ታዝዤ ነበር፤ ከጎኗ ቆሜ «ከሸፈ፣ ከሸፈ፣ አምጪው» እላለሁ። መጀመሪያ ቀን ዞር ብላ አየችኝ። «ሞትሽ» አላት አባቴ። ከዚያ ወዲያ አልዞረችም።

አንዲት ጎረቤታችን በካቡ ላይ አንገቷን አስግጋ አየችን። «ምነው፣ ዘበኛ ቀጠራችሁ?» አለች።

«ሽንኩርቱን እየጠበቀች ነው» አለች እናቴ።

ለተዝካሩ በጭነት ማኪና ወጣን፤ አባቴ፣ እታለምና እኔ። የተሳፈርነው ከጨው ከረጢቶች ላይ ነው። አባቴ የብስኩት ቆርቆሮውን ከቦርሳው ውስጥ ይዞት ነበር፤ ለባለቤቱ ሊመልስለት። እታለም ጥይቷን በጨርቅ ጠቅልላ ከአንገቷ ማተብ ጋር አሥራት ነበር፤ በሰውነቷ ሙቀት ደርቃ እንድትቆይ።

የተዝካሩ ቀን ጠዋት ጉም ነበር። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው፣ ሕዝቡ ከዳሱ በልቶ፣ ጉሙ የተገፈፈው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ሽማግሎቹ ተነሡ፣ ሰው ሁሉ ተከተለ። አፋፉ ከአጎቴ ቤት ጀርባ ነበር። ገደሉ ጠባብ ስለሆነ ማዶው ቅርብ ይመስላል። ከማዶው ላይ አንድ ነጣ ያለ ድንጋይ አለ፤ ሁሉም የሚተኩሰው ወደሱ ነው። ዝንጀሮዎች ከሥሩ ሣር ይነጫሉ።

እታለም ጥይቷን ከጨርቁ ፈታች፣ አጎረሰች፣ ዘጋች። ነጭ ለባሹ ከጎኗ ጥቂት ራቅ ብሎ ምንሽሩን በትከሻው አንግቶ ቆሟል። ከኋላው ደግሞ የወሰኑን ድንጋይ ያንከባለለው ጎረቤት ነበር፤ እጁን አጣጥፎ ይመለከታል። አባቴ ከሕዝቡ ወደ ኋላ ቀርቶ ከዛፍ ሥር ቆመ። እኔ ከሱ ጋር ነበርሁ።

አነጣጠረች። ቃታውን ሳበች።

ጠቅ አለ። ሌላ ምንም አልተሰማም።

ሰው በአንድ ጊዜ ትንፋሹን አወጣ። «ከሸፈ!» አለ አንዱ ከኋላ። ነጭ ለባሹ አንድ እግሩን አራምዶ እጁን ዘረጋ። «አምጪው» ሲል ሰማሁ። እሷ አልዞረችም። አፈሙዙ አልተነቃነቀም። አባቴ ከጎኔ በጣም ቀስ ብሎ «ገና» አለ።

ያን ጊዜ ተተኮሰ። ድምፁ ወፍራም ነበር፤ ከገደሉ ገብቶ፣ ወርዶ፣ ተመልሶ ወጣ። ጭሱ ነጭ ነው፤ እሷንም ነጭ ለባሹንም የተዘረጋ እጁንም በአንድ ጊዜ ዋጣቸው። ማዶ ያለው ድንጋይ ቦነነ፤ ጠጠር ተንከባለለ፤ ዝንጀሮዎቹ እየጮኹ ወደ ላይ ሸሹ።

ከጭሱ ውስጥ የነጭ ለባሹ ሳል ተሰማ። «እህቴ፣ አለሽ ወይ?»

«አለሁ» አለች። «አንተ ግን ጠፋህ።»

ሰው ሳቀ። ጭሱ ሲገፈፍ እሱም እየሳቀ ዓይኑን ያሻ ነበር። እታለም ጠመንጃውን ያወረደችው ገና ያን ጊዜ ነው። አንድ ሽማግሌ ከምርኩዙ ጋር ወደፊት ወጥቶ፣ «ሰምተናል፣ አይተናል። የሷ ነው» አለ። በዚህ አለቀ። ጎረቤቱ ቀድሞ ሄደ። በኋላ እንደ ሰማነው የወሰኑ ድንጋይ ከእርሻው ወቅት በፊት ከቀድሞ ቦታው ተገኘ፤ ማን እንደመለሰው የጠየቀ አልነበረም።

አባቴ ቆርቆሮውን ለነጭ ለባሹ መለሰለት። «ለምንሽርህ» አለው።

«ጥቁሩ ዘገየ እኮ አያ። ልቤን አቆመው።»

«ዘገየ» አለ አባቴ። «ግን መጣ።»

ማምሻውን ማኪናው ወደሚያልፍበት መንገድ ስንወርድ እታለም ልትሸኘን አብራን ወረደች። ጠመንጃው ትከሻዋ ላይ ነው። ፊቷን አልታጠበችም፤ ቀኝ ጉንጯ በባሩድ ጢስ ጠቁሮ ነበር። የማኪናው ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ከአባቴ ፊት ቆመችና ጉንጯን ወደሱ አዞረች።

«እስቲ እየው አያ» አለች።

አባቴ የጋቢውን ጫፍ በምራቁ አርሶ ጥላሸቱን ጠረገላት። በአንዴ አልለቀቀም፤ ደግሞ ጠረገ። ከሥሩ ያለው ቆዳ ምንም አልሆነም ነበር። አገጯን ይዞ ወደ ብርሃኑ መለሳት፤ የተለኮሰ ወረቀት ሲያይ እንደማውቀው አድርጎ ጉንጯን አተኩሮ አየው።

«ደህና ነው» አለ።

ማኪናው ቆመ። እኛ ተሳፈርን፤ እሷ ወደ ቤቷ የሚወስደውን ዳገት ያዘች።